ዝንቡ የሚመርጠው ሰማያዊ

ከነቀምቴ ወደ በደሌ ሲኬድ፣ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ቁልቁል በሚወርድበት ቆላ ከቁጥቋጦ መካከል እንጨት ላይ የተሰቀለ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ያጋጥማል። ብዙ መንገደኛ የተረሳ ልብስ ይመስለዋል። የቆላ ዝንብ ወጥመድ ነው። የወለጋ ቆላ በሬ አርሶ እንዲውል ከሚያግዙት መሣሪያዎች ሁሉ የዚህን ያህል የተናቀ አላውቅም።

ይህ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የከብት በሽታ፣ ገንዲን፣ የዴዴሳና የአንገር ከብት አርቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ዝንቡ ወንዱም ሴቷም ደም መጣጭ ነው፤ በዚያው አፉ የበሽታውን ተህዋስ ከከብት ወደ ከብት ያሻግራል።

ሁለት ሾጣጣዎች አፍ ለአፍ የገጠሙበት ይህ ወጥመድ እ.ኤ.አ. በ1973 ሻሊየርና ላቬሲየር የተባሉ ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት ነው። ሰማያዊው ዝንቡን ከሩቅ ይጠራል፤ ውስጥ ያለው ጥቁር ጨርቅ እንዲያርፍ ይስበዋል፤ ከዚያ ዝንቡ እንደ ልማዱ ወደ ብርሃን ሲወጣ በነጩ መረብ አልፎ ከላይ ካለው ማጠራቀሚያ ይገባል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ጨርቁ ሲቀደድ ከገበያ ያገኙትን ሰማያዊ ጨርቅ ሰፍተው የሚሰቅሉ አሉ። አንድ የከብት ባለቤት ስለዚሁ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ሰማያዊ ያው ሰማያዊ ነው» አሉኝ። ለእኛ ዓይን ልክ ናቸው፤ ለዝንቡ ግን አይደለም። ብርሃን የብዙ ሞገዶች ድብልቅ ነው። ማቅለሚያው ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ይመልሳል፤ ቀለም የምንለው የተመለሰውን ነው። ዝንቡን አጥብቆ የሚስበው በ460 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ሞገድ ነው። አረንጓዴና ቢጫ ሞገድ አብሮ ከተመለሰ መሳቡ ይቀንሳል። ከሁሉ የሚያሳስተው አልትራቫዮሌት ነው፤ ዝንቡ ያየዋል፣ እኛ አናየውም። ስለዚህ ለእኛ መንታ የሚመስሉ ሁለት ጨርቆች፣ አንዱ አልትራቫዮሌት የሚመልስ ሌላው የሚውጥ ከሆነ፣ ለዝንቡ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ፋታሎጅን በሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ የተነከረ የጥጥ ጨርቅ በሙያው ሰዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተመሰገነው ለዚህ ነው። ጨርቅ ስትመርጡ እባካችሁ የራሳችሁን ዓይን አትመኑ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ።

ትክክለኛው ጨርቅም ቢሆን ዕድሜ አለው። ከአንድ ፀሐይ የሚመጡ ሞገዶች በጨርቁ ላይ የሚሠሩት ሥራ አንድ አይደለም። ሰማያዊው ነጥሮ ይመለሳል፤ ኢንፍራሬዱ ጨርቁን ከማሞቅ አያልፍም፤ አልትራቫዮሌቱ ግን ጉልበቱ ከፍ ያለ ስለሆነ የማቅለሚያውን ሞለኪውሎች ትስስር ይበጥሳል። መደብዘዝ ማለት ይኸው ነው። የደበዘዘ ወጥመድ አጠገብ ከብት እያሰማሩ «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት ያሳዝነኛል። ጨርቁን ቀይሩ፣ ዙሪያውን የከበበውን ሣር አጭዱ፤ ዝንቡ ያላየው ወጥመድ አይጠራውም። ጨርቁን ፈትቶ ለከረጢት የሚወስድም የጎረቤቱን በሬ እየጎዳ መሆኑን ይወቅ።

ከአልትራቫዮሌትም የሚበረታ ሞገድ አለ፤ ጋማ ጨረር። ለደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተብሎ በቃሊቲ በተቋቋመው ማርቢያ የሚፈለፈሉ ወንድ ዝንቦች በዚህ ጨረር ይመክናሉ። ጨረሩ የዘር ሕዋሳቸውን ክሮሞሶም ይሰባብራል፤ ዝንቡ ግን ይበራል፣ ይገናኛልም። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው አንዴ ብቻ ስለሆነ ከመካን ወንድ የተገናኘች ዘር አይኖራትም። «ጨረር የነካው ዝንብ ጨረር ይዞብን ይመጣል» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ጋማ ሥራውን ሠርቶ ያልፋል፣ ዝንቡን ጨረር አመንጪ አያደርገውም። በዛንዚባር ኡንጉጃ ደሴት የቆላ ዝንብ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ1997 የታወጀው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሆኖም መካኑ ወንድ ጨርቁን አይተካም። መካኖቹ በጫካ ካለው ወንድ በብዙ እጥፍ መብለጥ አለባቸው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በወጥመድና በፀረ ተባይ የዝንቡ ቁጥር በእጅጉ መውረድ ይኖርበታል።