ኦርጋኑ የማን ነው?

ባንድ «ነጻ ነው» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የግጥሙ ድፍረት ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ዝቅ አድርጌ ልጀምረው፦ ሌሊት ሥራው ሲያልቅ ኦርጋኑንና አምፕሊፋየሩን ጭኖ የሚሄደው ማን ነው? በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸውም ደመወዛቸውም የመንግሥት ነበር። ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ባንድ ማቋቋም ሲጀምሩም ጌታው ተለወጠ እንጂ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም፤ መሣሪያው የቤቱ ከሆነ ከባለቤቱ የተጣላ ሙዚቀኛ ባዶ እጁን ይወጣል። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መሆኑን ከቁብ ሳይቆጥር አምኃ ሪከርድስን ሲከፍት፣ ከመንግሥት ውጭ ማሳተም እንደሚቻል ታየ። ያ ግን የአሳታሚው ነጻነት ነበር፤ የተጫዋቹ ገና ነው።

የተጫዋቹን ነጻነት ለማየት ዋልያስ ባንድን ማየት ያስፈልጋል። ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያና የባንዱ ጓደኞቹ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው፣ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት በውል ተጫወቱ። የመሣሪያው ባለቤትነት ምን እንደፈየደ የሚናገረው የመጀመሪያ አልበማቸው ነው። በ1975 በካሴት የወጣው «ትዝታ» ድምፃዊ የለውም። ሕዝብ በዘፋኝ አፍ የለመደውን ዜማ ኦርጋኑ ተረክቦ ይጫወተዋል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚስብበት ቦታ ላይ የኃይሉ ጣቶች ዜማውን ሳይለቁ ይጎትቱታል። ካሴት የሚሸጠው በዘፋኝ ስም በነበረበት ገበያ ይህን ለማድረግ የሚደፍር ነጋዴ ይኖራል ብዬ አላስብም። መሣሪያው የራሱ የሆነ ባንድ ግን ዘፋኝ ሳይጠብቅ ሊሞክረው ይችላል። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ሲወጣ ድፍረቱ ጨምሯል። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ገብቷል፤ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ በትንፋሽ መሣሪያዎቹ አጭር ሐረግና ከሥር በሚመላለሰው ባስ ብቻ ሰው ያስጨፍራል። ዛሬ የውጭ አገር ባንዶች የሚጫወቱት ይህንኑ ነው።

«ሂልተን ሲከፍላቸው የኖሩ ሰዎች እንዴት ነጻ ይባላሉ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲያውም የሆቴሉ ሥራ ጨዋታቸውን ሳይቀርጸው አልቀረም፤ የእራት ሰዓት እንግዳ ለስለስ ያለ ነገር ይፈልጋል፣ የደርግ ሰዓት እላፊ ደግሞ ጭፈራ ቤት የገባውን ሰው እስኪነጋ ያስቀምጠዋልና ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ግድ ነበር። ነገር ግን መሣሪያ ይዞ የሚዋዋል ሰው እጁን ብቻ ይዞ ከሚቀጠር ሰው እኩል አይደለም፤ ውሉ ሲያልቅ ባንዱ እንዳለ ሌላ በር ማንኳኳት ይችላል። ሌላው ተቃውሞ «ዜማዎቹ የሰው ናቸው፣ ምን ፈጠሩ?» የሚለው ነው። ለ«ትዝታ» አልበም በከፊል እቀበለዋለሁ። ሆኖም ግጥም ለሳንሱር በሚቀርብበት ዘመን ቃል የሌለውን ዜማ በራሱ እንዲቆም ማድረግ ቀላል ፈጠራ አይመስለኝም።

ይልቅ የሚከብደኝ ሦስተኛው ነው፦ ነጻነቱ ለምን አልዘለቀም? በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ በኋላ የሚተዳደረው ታክሲ በመንዳት ሆነ። የመሣሪያ ባለቤትነት ባንድን ከጌታ ያላቅቃል፤ አብሮ ለማቆየት ግን አይበቃም። ዛሬ ለቡ መብራት ኃይል አንዲት ክፍል የተከራየ ወጣት ላፕቶፕና ማይክሮፎን ካለው አልበም ለመቅረጽ የማንንም ደጅ አይጠናም። ችግሩ ያው ላፕቶፕ ባሱንም ድራሙንም ትራምፔቱንም ስለሚተካለት ጓደኛ አለመፈለጉ ነው። መሣሪያው ረከሰ፤ የተወደደው የጋራ ጊዜ ነው፤ አምስት ሰው በሳምንት ሁለት ቀን አገናኝቶ ማለማመድ፣ ማጓጓዝ፣ ማብላት። ሮክ የሚጫወተው ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የጊታር ድምፁ ብዙ አነጋገረ። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው፤ ብዙ ድምፃዊና ተጫዋች በአንድ ስም ሥር ቆሞ አንድ አልበም መጨረሱ። የመድረክ ክፍያ ለአንድ ዘፋኝና ለአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሲሆንና ለአሥር ሰው ሲካፈል የሚደርሰው ብር የትና የት ነው፤ ባንድ ማቋቋም የሚፈልግ ወጣት ከጊታሩ ዋጋ በፊት ሊያሰላ የሚገባው ይህንን ነው።