ንጹሕ ወተት የነጋዴ ስም ነው
ስለ ፍየል አስተላለብ ንጽሕና

በንግድ ዓለም ሸቀጥ ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። ቡና መጋዘን ገብቶ ወራት ይቆያል፤ ቆዳ በጨው ታሽቶ ገበያ ይጠብቃል፤ ጨውማ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ወተት ግን ማለዳ ታልቦ ሳይመሽ ይፈረድበታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተበላሸ ወተት ግን አይለቀምም። እኔ የነጋዴ ጸሐፊ እንጂ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ከራሴ መዝገብ የተማርኩትን ለንግድ ባልደረቦቼ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሠሪዬ በድሬዳዋ ዙሪያ ካሉ አርብቶ አደሮች የፍየል ወተት እየገዙ አይብ ለሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ማቅረብ ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው ወር በደኅና አለፈ። በሁለተኛው ወር ግን ወተቱ ገና እሳት ላይ ሲጣድ ይቆረጥ ጀመር፤ ገዢውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መለሰብን። አሠሪዬ ተቆጡ፤ ከሁሉ ርቀው ከሚመጡት አንዲት አሮጊት ላይም ጥርጣሬያቸውን ጣሉ። «ውኃ ይቀላቅሉበታል ወይም ያደረ ይጨምሩበታል፤ ስማቸውን ሰርዝ» ሲሉ አዘዙኝ።

ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ግን መዝገቡን አንድ ጊዜ እንድመለከት ፈቃድ ጠየቅሁ። ባዶ ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ስላለበት፣ በየቀኑ ማን ስንት ሊትር በምን ዓይነት ዕቃ እንዳመጣ እጽፍ ነበር። ወተቱ ከተመለሰባቸው ሦስት ቀኖች በሁለቱ እኒያ እናት ጨርሶ አልመጡም። በሦስቱም ቀኖች የነበረው ከሁለት ቤቶች በፕላስቲክ ጀሪካን የመጣው ወተት ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት የእያንዳንዱን ሰው ወተት ለየብቻው በትንሽ ብረት ድስት አፈላነው። የተቆረጠው የጀሪካኑ ወተት ብቻ ሆነ።

ስፍራው ድረስ ሄደን ስናይ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የጀሪካኑ አንገት ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም፤ በውስጡም የትናንት ወተት ቅሪት ተጋግሯል። ፍየሎቹ በጠጥ ላይ ቆመው ይታለባሉ፤ የሁሉም ግት በአንድ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የእኒያ እናት ዕቃ ግን ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በወይራ ጭስ የታጠነ ነበር። አሠሪዬ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ቢሏቸው፣ «ሰውን ከመጠርጠርህ በፊት ዕቃውን ብትጠይቀው ኖሮ ይነግርህ ነበር» ብለው መለሱላቸው። ያ ገዢ ዳግመኛ አልተመለሰም፤ እኛ ግን ትምህርቱን ይዘን ቀረን።

ይህም ትምህርት በቅደም ተከተል ሲነገር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ማለቢያው ስፍራ ከጋጣው የተለየ፣ ደረቅና አቧራ የማይነሣበት ይሁን። አውራው ፍየል ከዚያ ይራቅ፤ ጠረኑ ወደ ወተቱ ይገባልና።

ሁለተኛ፤ አላቢው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጥፍሩም የተቆረጠ ይሁን። ግቱ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ለእያንዳንዷ ፍየል በተለየ ጨርቅ ይድረቅ። እርጥብ ግት ማለብ ቆሻሻውን አንጠባጥቦ ወደ ዕቃው ማስገባት ነው።

ሦስተኛ፤ ከሁለቱ ጡቶች መጀመሪያ የሚወጣው ጥቂት ወተት ጥቁር ጽዋ ላይ ይታለብና ይታይ። ጓጉሎ፣ ውኃ መስሎ ወይም ደም ቀላቅሎ ከተገኘ ግቱ ታሟል ማለት ነው። የታመመችው ፍየል ከሁሉ በኋላ ትታለብ፤ ወተቷም ከሌላው አይቀላቀል። በመድኃኒት የታከመችም እንደ ሆነ ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ ወተቷ አይሸጥ፤ የመድኃኒቱ ቅሪት ለጠጪው የማይበጅ ከመሆኑም በላይ አይቡ እንዳይረጋ ያደርጋልና።

አራተኛ፤ ከታለበች በኋላ የጡቱ ጫፍ ለዚሁ በተዘጋጀ የአዮዲን ውሁድ ይነከር። ቀዳዳው ለጥቂት ጊዜ ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ፣ ወዲያው እንዳትተኛ መኖ ቢሰጧት መልካም ነው።

አምስተኛ፤ ወተቱ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ አፈ ሰፊ በሆነ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ይቀመጥ። በፍጥነት እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዝ ከሁሉ የተሻለ ነው። በረዶ በሌለበት ግን ዕቃውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በጥላ ማቆየትና ሳይውል ሳያድር ማስረከብ ይገባል። በሙቀት ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን በ20 ደቂቃ ያህል በእጥፍ ሊራቡ ይችላሉና።

ስድስተኛ፤ ዕቃው በመጀመሪያ በለብታ ውኃ ይለቅለቅ፤ በፈላ ውኃ መጀመር ወተቱን ከዕቃው ጋር ያጣብቀዋል። ቀጥሎ በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ ይለቅለቅና ተደፍቶ ይድረቅ። የወይራ ጭስ ተሕዋስያንን ይቀንሳል፤ ያልታጠበ ዕቃ ማጠን ግን በእድፍ ላይ ሽቶ እንደ መርጨት ነው።

ነገር ግን እጅና ዕቃ ቢነጹም ከፍየሏ ሰውነት ውስጥ የሚመጣ በሽታ አለ። የማልታ ደሴት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ለረጅም ጊዜ በሚመላለስ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 የበሽታውን ተሕዋስ መለየቱን አሳወቀ፤ ምንጩ ግን ሳይታወቅ ቆየ። በ1905 የማልታው ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ተሕዋሱ በፍየሎች ውስጥ እንዳለ ደረሰበት። ፍየሎቹ በየመንገዱ እየተነዱ በደንበኛ ደጃፍ የሚታለቡ፣ ሲያዩዋቸው ጤነኛ የሚመስሉ ነበሩ። በ1906 የፍየል ወተት ለወታደሮቹ በተከለከለ ጊዜ በሽታው እጅግ ቀነሰ።

ይህ በሽታ ዛሬ ብሩሴሎሲስ ይባላል፤ ከመንጋው ውስጥ የሚያስወርድ ፍየል ሲበዛ ሊጠረጠር ይገባል። ውርጃውን በባዶ እጅ መንካት አደገኛ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ማሞቅ ተሕዋሱን ይገድላል፤ ይህን የሚለካ መሣሪያ የሌለው ቤት አፍልቶ ይጠጣ። እንግዲህ ንጽሕና ከውጭ የሚገባውን ይከለክላል፤ እሳት ደግሞ ከውስጥ የመጣውን ያጠፋል። አንዱ የሌላውን ምትክ አይሆንም።

የነጋዴው ድርሻ ምንድን ነው? ለንጹሕም ለቆሻሻም አንድ ዋጋ የሚከፍል ገዢ ሰነፉን አበርትቶ ትጉሁን ያደክማል። አሠሪዬ ዛሬ አፈ ሰፊ ዕቃ ገዝተው ለአቅራቢዎቻቸው አድለዋል፤ የመጣውን ሁሉ ሳይቀላቅሉ ለየብቻው ያስፈትሻሉ፤ ፈተናውን ላለፈውም በሊትር ጭማሪ ይከፍላሉ። ወጪው መጀመሪያ ከብዷቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ ወተት ተመልሶ በደጃችን ሲደፋ ማየት ከዚያ ይልቅ ይከብድ ነበር።

እኒያ እናት ዛሬም በመዝገቤ ከመጀመሪያው ተራ ሰፍረዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የእርሳቸውን ስም በችኮላ ልሰርዝ ብዕር ማንሣቴን ባስታወስሁ ቁጥር፣ ዕቃን ሳይመረምሩ በሰው ላይ መፍረድ ምን ያህል ኪሣራ እንደሚያስከትል አልዘነጋም።