በነፃ ሲባል ከፋዩ ማን ነው?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች፣ በኢንተርኔት አክሲዮን ለመግዛት ካሰባችሁ በሉቃስ 14 እንዳለው ግንብ ሠሪ ኪሳራውን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ቻርልስ ሽዋብ ለአንድ ግብይት ያስከፍል የነበረውን 4.95 ዶላር በኦክቶበር 2019 አስቀረ፤ ሌሎቹም ወዲያው ተከተሉት። ታዲያ ደላላው ከምን ይኖራል? ሮቢንሁድን የመሰሉት ትእዛዛችሁን ለትልልቅ ነጋዴዎች እያስተላለፉ ከእነርሱ ይከፈላቸዋል። ይህን ለደንበኞቹ በግልጽ አልተናገረም ተብሎ የተከሰሰው ሮቢንሁድ በ2020 65 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ፊደሊቲ በአክሲዮን ግብይት ይህን ክፍያ አይቀበልም።

ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘባችሁ ስንት ወለድ እንደሚያገኝ ጠይቁ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሂሳብ ወደ ሌላ ደላላ ሲዛወር አንዳንዱ 75 ዶላርና ከዚያም በላይ ይቆርጣል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማርጅን የሚሉት ብድር ነው፤ ዋጋው ቢወድቅ አክሲዮናችሁን ሳይጠይቋችሁ ሊሸጡት ይችላሉ።