ስልኩን ከመንጠቅ በፊት

ከወር በፊት አንዲት እናት የ11 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ራሴን ያመኛል ይላል፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል ብለውም ከትምህርት ቤት ነገሩኝ። ዓይኑ ይሆን?» አሉኝ። ዓይኑ ደህና ነበር፤ የደም ማነስም አልተገኘበትም። በስንት ሰዓት እንደሚተኛ ስጠይቀው እናቱን ቀና ብሎ አየና ዝም አለ። ቆይቶ ተናገረ፤ እናቱ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ስልካቸውን ወስዶ ብርድ ልብስ ውስጥ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ፍሪ ፋየር ይጫወታል።

እናትየው ስልኩን ሊሰብሩት ምንም አልቀራቸውም። ንዴታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ጨርሶ የተከለከለ ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት ሊሄድ ይችላል፤ እዚያ ደግሞ ከማን ጋር እንደሚውል አታዩትም።

ገደቡን ከእንቅልፍ ጀምሩ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ተማሪ ቢዘገይ ቢዘገይ ማታ 3 ሰዓት ተኩል መተኛት ይኖርበታል። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ጨዋታው ይቆማል። ስልኮች በሙሉ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደሩ፤ የአባትም ጭምር። (ይህን ስናገር የሚስቁ አባቶች አሉ። ልጁ ግን የሚከተለው ያየውን ነው።)

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት ስክሪን ፊት በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ ይመክራል። ለተማሪዎች ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ከእኚህ እናትና ከልጁ ጋር የተስማማነው በትምህርት ቀን 30 ደቂቃ፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እሱም የቤት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ጸቡ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ማቆሚያው ላይ ነው። በኢንተርኔት በቡድን የሚደረግ ጨዋታ መሃል ላይ ቆሞ በኋላ አይቀጠልም። ስልኩ ሲነጠቅ ልጁ ጓደኞቹን ጥሎ የሸሸ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ ሰዓቱ ሳይደርስ «ይህ ዙር የመጨረሻህ ነው» በሉት፤ ሌላ ዙር ግን አይጀመርም። መጀመሪያ ሰሞን ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ አምስት ደቂቃ ከጨመራችሁለት ነገም ያለቅሳል።

ልጁ ጨዋታውን መግታት አቅቶት ትምህርቱን፣ ምግቡንና ጓደኞቹን ከተወ፣ ይህም ለወራት ከዘለቀ፣ ወደ ሐኪም አምጡት። የጌም ሱስ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የተካተተ ሕመም ነው። እንቅልፉ ተስተካክሎም ራስ ምታቱ ካልተወው እንዲሁ ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀጠሮ ሲመጣ ራስ ምታቱ ቀንሶለታል። እናትየው ግን ማታ ማታ በስልካቸው ድራማ ማየቱን መተው አቅቷቸዋል፤ እሱን ገና እየተነጋገርንበት ነው።