አንድ ውርስ፣ ሁለት ፍርድ ቤት

ዛሬ ከገጠራችሁ ተነሥተን አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንግባ። እዚያ ካዛንቺስ የሚባል የቆየ ሰፈር አለ። በ2017 ዓ.ም. ብዙ ቤቶቹ ፈርሰዋል። ታዲያ ባለቤቱ የሞተበት ቤት ሲፈርስ ካሳውን ማን ይቀበላል? «ወራሽ ነኝ» ለሚል ሁሉ «ማስረጃህን አሳይ» ይባላል።

እንበል፣ አንድ አባት ካዛንቺስ ቤት ሠርተው ኖሩ፤ ሞቱ። ወንድ ልጃቸው አብሯቸው ነበር። ሴት ልጃቸው ገጠር ተድራለች። ወንድምየው «እሷ ምን ያገባታል?» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል። ሴት ወንድ ብሎ አይለይም።

እህትየው ወዴት ትሂድ? ሁለት በር አለ።

የመጀመሪያው በር የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ነው። ውርስ የሚከፈተው ሟች ይኖሩበት በነበረው ቦታ ነውና ማመልከቻዋን እዚያ ታቀርባለች። ፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣታል። ማስረጃው ወራሽ መሆኗንና ድርሻዋን ይናገራል። ይህ ሥልጣን የተሰጠው በአዋጅ ቁጥር 361/1995 እና እሱን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 408/1996 ነው።

ወንድምየው «ቤቱን አላካፍልም» ቢልስ? ይህ የንብረት ክርክር ነው። የከተማው ፍርድ ቤት አያየውም። ሁለተኛው በር የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ክርክሩ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ካለፈ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል።

በር የተሳሳተ ሰው ቀኑ ይባክናል። ቀን ደግሞ በሕግ ይቆጠራል። መብቷንና ውርሱን ሌላ ሰው መያዙን ካወቀች በኋላ በ3 ዓመት ውስጥ መክሰስ አለባት።

ወንድምየው «ብቻዬን ወራሽ ነኝ» ብሎ ማስረጃ ቢያወጣስ? ማስረጃው እስኪሰረዝ ድረስ ይሠራል። እህትየው ግን ይሰረዝልኝ ብላ ማመልከት ትችላለች። ዝም ካለች ማንም አይሰርዝላትም።

እናቶችና አባቶች! በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውኃ ይቆማል ይባላል። ሕጉን ለመጥራት ግን ወረቀቱን ማንበብ ያሻል። «እዚህ ላይ ፈርሚ» ስትባሉ አትቸኩሉ። የልጆቹ ስም ሁሉ አለ? ማኅተሙ የየትኛው ፍርድ ቤት ነው? ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ
1. የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?
2. የቤት ክፍፍል ክርክር ሲነሣስ ወዴት ይኬዳል?