የመሥሪያ ቤት ቻት፦ አንዱ ሲያመሰግነው ሌላው ለምን ያማርረዋል?

ስላክ የተባለው የመሥሪያ ቤት መልእክት መለዋወጫ የተወለደው ካልተሳካ ጌም ነው። ስቱዋርት በተርፊልድና ባልደረቦቹ ግሊች የተሰኘውን የኢንተርኔት ጌም ሲሠሩ በተለያዩ ከተሞች ስለነበሩ መነጋገሪያ ለራሳቸው አበጁ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘጋ። መነጋገሪያው ግን በ2014 ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ በ2021 ደግሞ ሴልስፎርስ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለየሥራው አንድ ቻናል ይከፈታል፤ የተጻፈው እዚያው ስለሚቀመጥ ዘግይቶ የገባ ሠራተኛም ወደ ኋላ ሄዶ ያነባል። በኢሜይል ግን ግልባጭ ያልደረሰው ሰው ከነገሩ ውጭ ነው። አዲስ ተቀጣሪና ከቤቱ የሚሠራ ሰው ስላክን ቢወዱት አይገርምም።

ጠቡ የሚነሣው ከጥያቄና መልስ ነው። ጠያቂው አንዲት መስመር ጽፎ ይልካል፤ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ተቀባዩ ግን ኮድ እየጻፈ ወይም የወር ሂሳብ እየዘጋ ከሆነ ሐሳቡ ይበተናል፤ መልሶ መሰብሰቡ ከመልሱ በላይ ጊዜ ይበላል። ፕሮግራመሩና ጸሐፊው ፖል ግራሃም ስላክ ከመምጣቱ በፊት፣ በ2009፣ የአስተዳዳሪ ቀን በሰዓት የተሸነሸነ እንደሆነ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ቢያንስ ያልተቆራረጠ ግማሽ ቀን እንደሚፈልግ ጽፎ ነበር። በእኔ ግምት ክርክሩ በአመዛኙ የዕድሜም ሆነ ቴክኖሎጂን የመፍራት ጉዳይ አይደለም። አዘውትሮ የሚጠይቅ ይወደዋል፤ አዘውትሮ የሚጠየቅ ይሸሸዋል።

አለቃ ሲጨመርበት ነገሩ ይከራል። ከስም አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ኮምፒውተሩ መነካቱን እንጂ ሥራ መሠራቱን አታሳይም። ሆኖም እንደ ሰዓት ፊርማ የሚያያት አለቃ አይጠፋም፤ ሠራተኛውም እንዳትጠፋበት ያለ ሥራ ማውዝ ሲያንቀሳቅስ ይውላል። የግል የሚባለውን መልእክት እንኳ አሠሪው እንደከፈለበት የአገልግሎት ዓይነትና እንደ አገሩ ሕግ ሊያወጣው የሚችልበት መንገድ አለ። (ይህን የሚያውቅ ሰው ሐሜቱን ዋትስአፕ ላይ ያደርጋል።)

እኛ ዘንድ የስላክን ሥራ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ነፃ ነው፤ ሥልጠናም አይፈልግም። ችግሩ የሥራው ትዕዛዝ ከዕድሩ መልእክትና ከዘመድ የሠርግ ፎቶ ጋር በአንድ ስልክ መግባቱ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊው «ሪፖርቱ ጠዋት ይድረሰኝ» ብለው ይጽፋሉ። አንዱ «እሺ» ይላል፤ ሌሎቹ ተከታትለው አውራ ጣት ይልካሉ፤ ዝም ያለው ተኝቶም ቢሆን እንዳኮረፈ ይቆጠራል።

ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ መልእክት ያለመከታተል መብትን በተመለከተ ከሠራተኛ ወኪሎች ጋር እንዲደራደሩ በሕግ አዛለች። ሕግ በሌለበትም ቢሆን አንድ የሥራ ክፍል አስቸኳይ ነገር በስልክ ጥሪ ብቻ እንዲመጣ፣ ቻናል ላይ የተጻፈው እስከ ማግስት እንዲቆይ ሊስማማ ይችላል። ስላክ ራሱ በተመረጠ ሰዓት ማሳወቂያ የሚያቆም ቅንብር አለው፤ አለቃው ራሳቸው ካልተጠቀሙበት ግን የበታቹ ደፍሮ አይነካውም።