የነዳጅ መድረክ ምሽግ ሲሆን

በባሕር ላይ የተተከለ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ለጦርነት ሲውል ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ይህን ጥያቄ ከ1980 እስከ 1988 በተካሄደው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት አስደግፈን እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ መድረኩ ምን እንደሆነ እንመልከት። የብረት እግሮቹ በባሕሩ ወለል ላይ ተተክለዋል። በላዩም የሠራተኞች መኝታ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የሬዲዮ መገናኛና የሄሊኮፕተር ማረፊያ አለው። ለነዳጅ ሠራተኛው የተዘጋጀው ይህ ሁሉ ለወታደርም ያገለግላል። ራዳርና መትረየስ ሲጨመርበት የመርከቦችን መተላለፊያ የሚቃኝ ምሽግ ይሆናል። ነገር ግን እንደ መርከብ መሸሽ አይችልም፤ በላዩም የሚቀጣጠል ነዳጅና ጋዝ አለ።

ኢራን በረሻዳት መድረኮች ላይ ጥቂት ወታደሮችና መሣሪያ እንደነበሯት አምናለች፤ ዓላማው ግን የኢራቅን ጥቃት መከላከል ብቻ ነበር ትላለች። አሜሪካ በበኩሏ መድረኮቹ መርከቦችን ለማጥቃት ይረዳሉ በማለት ኦክቶበር 19 ቀን 1987 ረሻዳትን፣ አፕሪል 18 ቀን 1988 ደግሞ ሳልማንንና ናስርን መታች። ይህችው አሜሪካ በዚያው ዘመን ለነዳጅ ሥራ የሚውሉ ሁለት ግዙፍ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ተከራይታ፣ ወታደርና ሄሊኮፕተር አስፍራ፣ ተንሳፋፊ የጦር ሠፈር አድርጋቸው ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የሥራን መሣሪያ ለጦርነት አውለዋል ማለት ነው።

ኢራን በ1992 ጉዳዩን ዘ ሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አቀረበች። ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 6 ቀን 2003 በ14 ድምፅ ለ2 ድብደባው ለጸጥታ ጥበቃ አስፈላጊ ነበር የሚለውን የአሜሪካ መከራከሪያ አልተቀበለም። ከጠቀሳቸው ነጥቦች አንዱ፣ አሜሪካ ስለ መድረኮቹ ወታደራዊ ተግባር አስቀድማ ለኢራን አቤቱታ ማቅረቧን የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩ ነው። ሆኖም በጥቃቶቹ ጊዜ ከመድረኮቹ ወደ አሜሪካ የሚሄድ የነዳጅ ንግድ ስላልነበረ የኢራንንም የካሣ ጥያቄ ውድቅ አደረገ።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2023 ዩክሬን ሩሲያ ይዛቸው የነበሩትን የጥቁር ባሕር መድረኮች ስታስለቅቅ ራዳር አገኘሁባቸው ብላለች።

ስለሆነም ትምህርቱ ግልጽ ነው። መድረክ ላይ መትረየስ የሚተክል መንግሥት ሠራተኛውን የጠላት ዒላማ ያደርገዋል፤ በጥርጣሬ ብቻ መድረክ የሚደበድብም መንግሥት በሕግ ፊት በቂ መልስ አያገኝም። ፍርዱ ከድብደባው 16 ዓመት በኋላ ሲሰጥ ካሣ ያገኘ ወገን የለም። መንግሥታቱ ተከራክረው ሲለያዩ፣ የእንጀራ ቦታው የጦር ሜዳ የሆነበት ሠራተኛ ግን በችሎቱ ድምፅ አልነበረውም።